የአባቴ የጌጅ መጠገኛ ቤት ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? (ድሬዳዋ)

የለገሀር ልጅ · ጥር 12

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

አባቴ ኅዳር መጨረሻ ላይ ዐረፈ። ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሠራባት አንዲት ክፍል አለች። በሯ ላይ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አያውቅም። ቢሆንም የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ የዘይት መጭመቂያው ሰው፣ የፋብሪካው የቦይለር ሠራተኛ፣ ሁሉም የግፊት መለኪያው ሲበላሽበት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣ ነበር። አባቴ ይከፍተዋል፣ ያጥበዋል፣ ጥርሱን ያስተካክላል፣ ፈትሾ ይመልሳል። ሙያውን የተማረው በልጅነቱ በገባበት በሸመንደፈር፣ በባቡሩ ዎርክሾፕ ስለሆነ እስከ መጨረሻው «ጌጅ» ሲል አልሰማሁትም፤ «ማኖሜትር» ነበር የሚለው።

ልጆቹ አራት ነን። ከአርባው በኋላ ስንሰበሰብ ሦስቱ «ክፍሏ ለሞባይል ሱቅ ትከራይ» አሉ። አልፈርድባቸውም። አንዳቸውም ሙያው ውስጥ አይደሉም፤ እናታችንም በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ያስፈልጋታል። እኔ ፋብሪካ ውስጥ የኢንስትሩሜንት ቴክኒሻን ነኝ፤ ቀኑን ሥራ ላይ እውላለሁ። «ትቀጥል» ልል ፈልጌ አፌን ያዘኝ። እንዴት ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሥራ ቦታዬ በየቀኑ የምከፍታቸው የፍሰትና የከፍታ መለኪያዎች ላይ ኤንድረስ ሃውዘር የሚል ስም አለ። የሁለት ሰዎች ስም ነው። ጌኦርግ ኤንድረስ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ፣ ሉድቪግ ሃውዘር ደግሞ በዕድሜ አባቱ ሊሆን የሚችል የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በጀርመን የድንበር ከተማ በሎራኽ ሲጀምሩ ፋብሪካ አልነበራቸውም። ከእንግሊዝ አገር የመጣ፣ በሲሎና በታንክ ውስጥ ያለውን ነገር ከፍታ የሚለካ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ እያዞሩ ይሸጡ ነበር። በኋላ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በ1975 ሃውዘር ሲሞት ኩባንያው በሙሉ በኤንድረስ ቤተሰብ እጅ ገባ።

ጌኦርግ ስምንት ልጆች ነበሩት። እኛ አራት ሆነን በአንዲት ክፍል ጉዳይ አልተስማማንም። እሱ ግን በ1995 አመራሩን ለልጁ ለክላውስ አስረከበ፤ የሞተው በ2008 ነው። በቁሙ አስረክቦ፣ ልጁ ሲሠራ ዓይኑ እያየ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረ ማለት ነው። ቤተሰቡ ከኩባንያው ጋር የሚኖረውን ግንኙነት የሚወስን ቻርተር ጽፎ አስቀምጧል። በ2014 የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ቦታ ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ፣ እዚያው ሠርቶ ላደገ ሰው ሰጡት፤ ባለቤትነቱ ግን ከቤተሰቡ አልወጣም። ዛሬ ከ16,000 በላይ ሠራተኞች አሉት።

አባቴ ምንም አልጻፈም። ስለ ሞት ማውራት አይወድም ነበር፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅነውም። የቀረን ክፍሏ፣ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን እና አሥራ አንድ ደብተር ነው። እንዲህ ያለ ቤት ከመሠረተው ሰው በኋላ መኖር ይችላል? የሞከረ ካለ ይንገረኝ።

ሲሎ ሦስት · ጥር 12

ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ ጌጅ አሠርቼባቸዋለሁ።

በሲሚንቶ ሥራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስጀምር የሲሎውን ከፍታ የምንለካው በገመድ ነበር። ሌሊት ተረኛ ከሆንክ በመሰላሉ ትወጣለህ፣ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ በገመድ ጫፍ የታሰረውን ቱምቢ ታወርዳለህ። ገመዱ ሲላላ ዱቄቱን ነክቷል ማለት ነው። የገመዱን ቋጠሮ በእጅህ እየቆጠርህ ትስባለህ፤ ስትወርድ ቅንድብህ ነጭ ነው። ያ የእንግሊዝ መሣሪያ ያስቀረው ይህንን ድካም ነው። አንድ ዘንግ ሲሎው ውስጥ ይሰቀላል። ዘንጉና ግድግዳው የአንድ ካፓሲተር፣ የኤሌክትሪክ ማከማቻ፣ ሁለት ገጾች ይሆናሉ፤ በመካከላቸው አየር ሲኖር አንድ ዋጋ፣ ዱቄት ሲሞላ ሌላ ዋጋ ያሳያል። ሰው መሰላል ሳይወጣ ያውቃል።

በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ያንን ቤት ያቆመው ቻርተሩ አይደለም። ሰውየው «መጀመሪያ አገልግል፣ ትርፉ ከዚያ ይመጣል» የሚል መመሪያ ነበረው፤ ወረቀቱ የተጻፈው ቤቱ ከቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይህ መመሪያ አባትህ ዘንድም ነበር። ስለዚህ የጎደለውን ወረቀት አትቁጠር። ያስተማሩት ሰው አለ ወይ? እሱን ንገረን።

የለገሀር ልጅ · ጥር 12

ሁለት ተለማማጆች ነበሩ። አንዱ ጅቡቲ ገባ፣ ሌላው ባጃጅ ገዝቶ ሥራውን ተወ። እኔን ያስተማረኝ ክረምት ክረምት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ሌላ ሰው አላውቅም።

የቀፊራ ነጋዴ · ጥር 13

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቅር እንዳይልህ እንጂ ዛሬ አዲስ ጌጅ ከጥገናው በማይተናነስ ዋጋ ይገኛል። ትልልቁም ፋብሪካ ወደ ኮምፒውተር ሄዷል። የወንድሞችህና የእህቶችህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። ክፍሏ በጥሩ ቦታ ላይ ናት፤ ኪራዩ ለእናትህ መድኃኒት ነው።

ሲሎ ሦስት · ጥር 13

ዋጋውን በተመለከተ ልክ ነህ። ነገር ግን አዲሱን ማን ፈተሸው? ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አምነህ ቦይለር ላይ ትሰቅለዋለህ?

ኮምፒውተሩም ቢሆን ማኖሜትሩን አላስወጣውም። ፈረንሳዊው ዩጂን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 የባለቤትነት መብት ያወጣበት መሣሪያ እስከ ዛሬ በየቦይለሩ ፊት ላይ ተሰቅሏል። ጠፍጠፍ ብሎ የታጠፈ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ግፊት ሲገባ ሊቃና ይሞክራል፤ ያ ትንሽ እንቅስቃሴ በጥርሶች ተባዝቶ ቀስቱን ያዞራል። መብራት ቢጠፋ ይሠራል። ስክሪኑ ሲጨልም የቦይለር ሠራተኛው ዓይን የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ እስካለ ድረስ ፈታሽም ያስፈልገዋል።

የከዚራ ጥላ · ጥር 13

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ስለ መሣሪያው አልናገርም። ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ አባትና ስለ ልጆች ነው። እናትየዋ የት አሉ?

በሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ። የትዳር ጓደኛ ግን ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ውርስ ሳይሆን ቀድሞውንም የራሷ ነው። ክፍሏ በትዳር ውስጥ የተገኘች ከሆነች ግማሿ የእናትህ ናት፤ እናንተ አራታችሁ የምትነጋገሩት ስለ ቀሪው ግማሽ ነው። ይህን ሳታውቁ ተሰብስባችሁ ከሆነ ስብሰባው ገና አልተደረገም።

ሌላም ልጨምር። እኛ የሒሳብ ሰዎች የቤተሰብ ድርጅቶችን ታሪክ እንከታተላለን። በብዙ ጌጆች ፊት ላይ ዊካ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ስሙ የመሥራቾቹ የቪጋንድና የካኽል ስሞች መጀመሪያ ነው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1946 በጀርመን ክሊንገንበርግ ተጀመረ። በ1967 የመሥራቹ ልጅ ኮንራድ ሲሞት ኩባንያውን የመሩት ባለቤቱ ኡርዙላ ቪጋንድ ናቸው። ቆይተው ለልጃቸው አስረከቡ። ባል ሞቶ ቤቱ ያልተዘጋው እሳቸው ወንበሩ ላይ ስለተቀመጡ ነው። የደንበኛውን ስም፣ ዕዳውን፣ ማን በጊዜ እንደሚከፍል ማን እንደማይከፍል እናትህ ከእናንተ ከአራታችሁም በላይ ያውቃሉ። ሄደህ አጠገባቸው ቁጭ በልና ጠይቃቸው።

ጁገል · ጥር 14

ከሐረር ነው የምጽፈው። ጽሑፉን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ማረፋቸውን አልሰማሁም ነበር። ነፍሳቸውን ይማር።

«ያስተማሩት ሰው አለ ወይ» ላላችሁት፣ አለ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ጀማሪ ቴክኒሻን ሳለሁ አዲስ ጌጅ ተሰጠኝ። ግሊሰሪን የሞላበት፣ ከ0 እስከ 1.6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሚያነብ ነው። ገና ከሳጥኑ ሲወጣ ቀስቱ ከዜሮ በታች ተቀምጧል። ሌላ አወጣሁ፤ ያው ነው። አለቃዬ «ቀስቱን ነቅለህ ዜሮ ላይ አድርገው» አለኝ። ልቤ ስላልተቀበለው ሁለቱንም ይዤ በሚኒባስ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ ድሬዳዋ፣ አባትህ ዘንድ።

አንዱን ተቀበሉኝና አገላበጡት። «የት ነው የምትሰቅለው?» አሉኝ። ሐረር አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ከላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቡሽ በጥፍራቸው ፈንቅል አደረጓት። ፉት የምትል ቀጭን ድምፅ ወጣች፤ ቀስቱ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ዜሮ ላይ ቆመ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከዚያ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ሻይ አስመጡልኝ። ጌጁ ታሽጎ የመጣው ባሕር ጠለል አጠገብ ካለ አገር ነው፤ በውስጡ የታሸገው አየር አንድ ባር ገደማ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል ወደ 1,900 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዙሪያዋ ያለው አየር 0.8 ባር አካባቢ ነው። ቡሹ ካልተከፈተ የታሸገው አየር ቱቦውን ከውጭ ይጫነዋል፤ ጌጁም 0.2 ባር ያህል አሳንሶ ያነባል። «ቀስቱን ነቅለህ ብትተክለው ኖሮ» አሉኝ፣ «ነገ አንዱ ቡሹን ሲከፍተው ጌጁ በሌላ በኩል ይዋሻል። መሣሪያውን ከመንካትህ በፊት የቆምክበትን ቦታ እወቅ።» ገንዘብ ልከፍል ብል እምቢ አሉ። ሁለተኛውን ቡሽ ራሴ እንድከፍተው አደረጉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ቅዳሜ እዚያች ክፍል እንደዋልኩ አልቆጠርኩትም። አንተ ፋብሪካ ስለምትሆን አልተገናኘንም። ተለማማጅ አልባልም፤ ደመወዝ አልነበረኝም። ነገር ግን የማውቀውን ከእሳቸው ነው ያወቅሁት።

የለገሀር ልጅ · ጥር 14

ወንድሜ፣ አላውቅም ነበር። እናቴን ጠየቅኋት። «የሐረሩ ልጅ? ቅዳሜ ምሳ የምሠራለት?» አለችኝ። ስልክ ቁጥርህን በግል ላክልኝ።

የሸመንደፈር ጡረተኛ · ጥር 15

ልጄ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ከአባትህ ጋር አንድ ዎርክሾፕ ውስጥ ሠርተናል። እኔ ከባድ ብረት ላይ፣ እሱ ጥቃቅኑ ላይ። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ኖሮ ከዚራም መጋላም አይኖሩም ነበር። እኛ ስንገባ ብዙው ነገር ናፍጣ ሆኗል፤ ቢሆንም በእንፋሎቱ ዘመን የሠሩት ሽማግሌዎች አብረውን ነበሩ። ማኖሜትር የዋሸበት ቦይለር ምን እንደሚያደርግ የነገሩን እነሱ ናቸው። አባትህ ያንን ወሬ እንደ ስብከት ነበር የሚሰማው።

የራሱን ቤት ከከፈተ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር። አንድ የሳሙና ሥራ ያለው ሰው ማኖሜትር ይዞ መጣ። ቱቦው አልቆ ነበር፤ ሲፈተሽ አሳንሶ አነበበ። ሰውየው «ነገ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ዜሮው ላይ ብቻ አቁምልኝ፣ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ» አለ። የእጥፍ ዋጋ አቀረበ። አባትህ መንቀያውን አንሥቶ ቀስቱን ነቀለው። ማኖሜትሩን በአንድ እጁ፣ ቀስቱን በሌላው እጁ ይዞ ለሰውየው ሰጠው። «ያለ ቀስት ውሰደው፤ እንዲህ ሲሆን ማንንም አይገድልም» አለው። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ። በሳምንቱ አዲስ ገዝቶ እንዲፈተሽለት ተመልሶ መጣ።

የለገሀር ልጅ · ጥር 17

አባባ፣ ይህን ታሪክ አልነገረንም። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ።

ትናንት ማታ ሳጥኑን ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ዴድ ዌይት ቴስተር፣ ጌጅ በክብደት የሚፈተሽበት መሣሪያ ነው፤ ዘይት የሚሞላበት ሲሊንደር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ፒስተን፣ በላዩ የሚደረደሩ ክብ የብረት ድንጋዮች። ልጅ ሆኜ ፒስተኑን በጣቴ አሽከርክር ይለኝ ነበር፤ ካልተሽከረከረ ይይዛል፣ ንባቡም ይዛባል። ድንጋዮቹ ላይ ትንሽ ዝገት የለም።

ደብተሮቹም በቀን ተከፍለዋል። በአንድ ረድፍ የመጣው መሣሪያ፣ በሁለተኛው የመጀመሪያ ንባቡ፣ በሦስተኛው የተስተካከለው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይ እርሳስ «0.9972» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩም «ድሬ» ይላል። በደብተሮቹ ውስጥም ድንጋዩ ላይ 100 ተብሎ የተቀረጸውን 99.72 እያደረገ ይጽፋል። ስሕተት ነው እንዳልል በአሥራ አንዱም ደብተር እንዲሁ ነው።

ሚዛን · ጥር 17

አዲስ አበባ በካሊብሬሽን፣ መለኪያዎችን ፈትሾ በማመሳከር ሥራ ላይ ነኝ። ስሕተት አይደለም። ከመነሻው ይህን ክር ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ይህን ቁጥር ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዴድ ዌይት ቴስተር ግፊት የሚፈጥረው በክብደት ነው። የድንጋዩ መጠነ ቁስ የትም ቢሄድ አይለወጥም፤ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ድንጋዮቹ የተሠሩት የመሬት ስበት 9.80665 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው ተብሎ ነው። ድሬዳዋ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፣ 1,200 ሜትር ገደማም ከፍታ አላት፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ስበት 9.779 አካባቢ ነው። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍል 0.9972 ይሆናል። 100 ባር የሚል ድንጋይ ድሬዳዋ ላይ የሚሰጠው 99.72 ባር ነው።

ልዩነቱ ለተራ ጌጅ ብዙ ላይመስል ይችላል። 1 በመቶ ስሕተት በሚፈቀድለት ጌጅ ላይ ሩቡን ያህል ይበላል፤ 0.25 በመቶ ብቻ በሚፈቀድለት ላይ ግን ከሚፈቀደው ሁሉ ያልፋል። ጌጁ ደህና ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል ትለዋለህ፤ ወይም ደህናውን «ታስተካክልና» ታበላሸዋለህ። ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጠው ይህን እርማት የሚረሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። አባትህ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በቀይ እርሳስ፣ ለሠላሳ ዓመት አልረሱትም።

ቤቱ እንዲቀጥል ከፈለግህ አንድ ግዴታ አለ። ድንጋዮቹና ፒስተኑ አዲስ አበባ መጥተው በብሔራዊው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት መፈተሽ አለባቸው። የምስክር ወረቀት ሳይኖር ፋብሪካ ሥራ አይሰጥህም። እስከዚያው ድንጋዮቹን በባዶ እጅ አትንካ፤ ላብ ያዝገዋል። በአሸዋ ወረቀት እንዳትፈትጋቸው።

ሲሎ ሦስት · ጥር 17

0.9972። እኔም አላውቀውም ነበር። የእኛን ቴስተር ሰኞ አያለሁ።

የለገሀር ልጅ · የካቲት 5

የሆነውን ልንገራችሁ።

እህቴ የከዚራ ጥላ እንዳለችው አድርጌ እናቴ ዘንድ ቁጭ አልኩ። ክፍሏ ከተጋቡ በኋላ የተገዛች ናት። እናቴ አራታችንን ጠርታ ቡና አፈላች፤ እስከ ሦስተኛው ድረስም ስለ ክፍሏ እንዳይነሣ ከለከለች። ከዚያ የጡረተኛውን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ታናሽ ወንድሜ፣ ስለ ኪራዩ በጣም ይከራከር የነበረው፣ ቀስቱን የነቀለበት ቦታ ላይ ስደርስ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ።

ክፍሏ በጣውላ ለሁለት ትከፈላለች። የፊቱ ግማሽ ለልብስ ሰፊ ይከራያል፤ ኪራዩ በሙሉ የእናቴ ነው። ልብስ ሰፊ እንዲሆን የመረጠችው እሷ ናት፤ «አቧራ የማያነሣ» አለች። የኋላው የሥራው ነው፤ ማታ ማታና ቅዳሜ እኔ እገባለሁ። ጁገል ቅዳሜ ከሐረር ይመጣል፤ እሱ ከሠራው የሚገባው ግማሹ የሱ ነው።

ታላቅ እህቴ በእጅ ጽሑፏ አንድ ገጽ ጻፈች። ሳጥኑና ደብተሮቹ አይሸጡም፣ አይከፋፈሉም። ከልጆቻችን መካከል መግባት የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ሁለት ዓመት ይሥራ። ፈተናውን ያላለፈ ማኖሜትር ከዚህ ቤት ያለ ቀስት ይወጣል። ይህን የመጨረሻውን ያስጻፈው ታናሽ ወንድሜ ነው። አምስታችንም ፈረምን፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ምስክር ሆኑ።

አሥራ ሁለተኛውን ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጁገል ከሐረር ያመጣው ጌጅ አለ።

ሚዛን፣ ሐሙስ ሌሊት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እመጣለሁ። ድንጋዮቹን በምን ጠቅልዬ ላምጣ? ጋዜጣ ይሆናል?

ሚዛን · የካቲት 5

ጋዜጣ አይሆንም፤ ቀለሙ ይለቃል። እያንዳንዱን ለየብቻ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ አታውጣ፤ ዘይቱ ውስጥ እንዳለ ይምጣ። ዕቃ መጫኛ ላይ እንዳትሰጥ፣ ጉልበትህ ላይ ያዘው። ክዳኑንም ከሳጥኑ አትለየው፤ ያንን ቀይ እርሳስ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።